የመጀመሪያውን የጨዋታ ኮምፒዩተር በገዛ እጅ ስለ መገጣጠም

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

በዕረፍት ሰዓት በግቢያችን ውስጥ ተሰብስበው ከሚነጋገሩት ተማሪዎች መካከል ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ የማያነሣ ቡድን ማግኘት ችግር ነው። ከዚሁ ንግግር መካከል ዘወትር የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጥሩ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ስንት ብር ይበቃኛል?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ብር ያፈሰሰ ሰው ሥዕሉ የሚንቀረፈፍ ኮምፒዩተር ይዞ ሲናደድ፣ በግማሹ ዋጋ የገጣጠመው ጎረቤቱ ደኅና አድርጎ ሲጫወት ስላየሁ፣ ከብሩ ብዛት ይልቅ የብሩ አከፋፈል የሚበልጥ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት ችያለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለ ክፍሎቹ ሚዛን ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ለክፍል ጓደኞቼ ነው፤ ነገር ግን ወላጆችም ቢያነቡት መልካም ይመስለኛል፤ ገንዘቡ በአመዛኙ የሚወጣው ከእነርሱ ኪስ ነውና። እኔ የራሴን ኮምፒዩተር የገጣጠምሁት ታናናሽ ተማሪዎችን ሒሳብ እያስጠናሁ በሁለት ዓመት ባጠራቀምሁት ብርና አባቴ በጨመረልኝ ነው። አባቴ የበኩሉን ከመስጠቱ በፊት «እያንዳንዱን ዕቃ ለምን እንደ መረጥኸው በወረቀት ጽፈህ አሳየኝ» ብሎኝ ስለ ነበር፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ከዚያ ወረቀት የተወሰደ ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በጨዋታ ጊዜ በስክሪኑ ላይ የምናየው እንቅስቃሴ እንደ ሲኒማ ሁሉ ተከታታይ ሥዕሎች ነው፤ ተጫዋቾች አንዱን ሥዕል ፍሬም ይሉታል። ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደ ደረሰች፣ ተከላካዩ ወዴት እንደ ሮጠ፣ ተጫዋቹ የትኛውን ቁልፍ እንደ ተጫነ ያሰላና «ይህን ይህን ሣል» የሚል የትእዛዝ ዝርዝር ያዘጋጃል። ግራፊክስ ካርዱ ዝርዝሩን ተቀብሎ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ይሥለዋል። ራም ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ ሲሆን፣ ግራፊክስ ካርዱም ለብቻው የሚጠቀምበት የራሱ ሜሞሪ አለው። ኤስኤስዲ ጎተራ ነው፤ ማዘርቦርድ ሁሉን የሚያገናኝ መንገድ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ለሁሉም ቀለብ የሚሰፍር ነው።

ይህን ነገር ለአያቴ ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «ይህማ የፈታይና የሸማኔ ነገር ነው» አሉኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፕሮሰሰሩ ፈታይዋ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ሸማኔው ነው። ሸማኔው ምንም ያህል እጁ ፈጣን ቢሆን ፈትሉ ካልደረሰለት መወርወሪያውን አስቀምጦ ይጠብቃል። ፈታይዋም ምንም ያህል ብትፈጥን ሸማኔው ዘገምተኛ ከሆነ ልቃቂቱ ተከምሮ ይቀመጣል እንጂ ጋቢው ቶሎ አያልቅም።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። ፕሮሰሰሩ የአንዱን ሥዕል ትእዛዝ ለማዘጋጀት 8 ሚሊሴኮንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ለመሣል 14 ሚሊሴኮንድ ይፈጅባቸዋል እንበል። አንዱ የአሁኑን ሲሥል ሌላው የሚቀጥለውን ስለሚያዘጋጅ ጊዜው አይደመርም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የዘገየው ነው። እንግዲህ 1000 ሚሊሴኮንድ ለ14 ሲካፈል በሴኮንድ 71 ያህል ሥዕል ይገኛል። አሁን ባለቤቱ በ5 ሚሊሴኮንድ የሚሥል እጅግ ውድ ካርድ ገዝቶ ቢመጣ 200 ሥዕል አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን 125 ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከ8 ሚሊሴኮንድ በታች መውረድ አልቻለምና። በያንዳንዱ ሥዕል 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ውዱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ የሰውየው ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ዓይነት ከሆነ፣ ድሮም 71ዱ ይበቃው ነበር። ትርፉ ለእጁ ምላሽ ጥቂት ይረዳው እንደ ሆነ ነው እንጂ ዓይኑ 125ቱን ሥዕል አያይም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ምርጫው የሚጀመረው ከስክሪኑ ነው። ብዙ ሰው ስክሪኑን በመጨረሻ በተረፈው ብር ይገዛዋል፤ ይህ ግን ጫማውን ከገዙ በኋላ እግርን እንደ መለካት ነው። ብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን 3840 በ2160 ስለ ሆነ 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ይህም የፊተኛው ልክ አራት እጥፍ ነው። ነጥቡ ሲበዛ ሸክሙ የሚከብደው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን እምብዛም አይጨምርም፤ ስክሪኑ ትልቅ ስለ ሆነ በሜዳው ላይ ያሉት ተጫዋቾች ከ22 አይበልጡምና። በሌላ በኩል ስክሪኑ በሴኮንድ 144 ጊዜ የሚታደስ ሲሆን እያንዳንዱ ሥዕል ከ7 ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መድረስ ስለሚኖርበት ፕሮሰሰሩም አብሮ ይጨነቃል። በ60ው ግን 16.7 ሚሊሴኮንድ የሚያህል ጊዜ አለ።

የጨዋታው ዓይነትም ሚዛኑን ያዘነብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ካውንተር ስትራይክ 2 በከፍተኛ ፍጥነት ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ጠንካራ ፕሮሰሰር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ሳይበርፓንክ 2077 ከነውበቱ ለማየት የሚፈልግ ደግሞ አብዛኛውን ብሩን ለካርዱ ማዋል አለበት። አሁን በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ የሚያዘገየው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ያለ ምንም ወጪ ሊያውቅ ይችላል። በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የነጥቡን ቁጥር ዝቅ ያድርግ። በዚያን ጊዜ የሥዕሉ ብዛት ከጨመረ የሚያዘገየው ካርዱ ነበር፤ ምንም ካልጨመረ ግን የዘገየው በአመዛኙ ፕሮሰሰሩ ስለ ሆነ አዲስ ካርድ ቢገዛ ገንዘቡን ማባከን ይሆናል።

ወደ ፕሮሰሰሩ ልመለስ። በከተማችን ሱቆች «ኮር አይ7 ነው» የሚለው ቃል እንደ ማሕተም ይቆጠራል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ወንድም በዚሁ ቃል ተማርኮ፣ ማራገቢያው በሰባት ቀለም የሚያበራ ኮምፒዩተር ገዛ። በኋላ ተከፍቶ ሲታይ ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኮር አይ7 2600 ሆኖ ተገኘ። ይህ ፕሮሰሰር በዘመኑ የተመሰገነ ነበር፤ 4 ኮርና 8 የሥራ መስመር አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ3 12100 ደግሞ እንዲሁ 4 ኮርና 8 የሥራ መስመር ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ጊዜ የሚፈጽመው ሥራ እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ በጨዋታ ጊዜ ያንን አይ7 በሩቁ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከአይ በኋላ ያለውን አንድ ቁጥር ሳይሆን ቀጥለው የሚመጡትን ቁጥሮች ማንበብ ያስፈልጋል፤ ትውልዱን የሚነግሩት እነርሱ ናቸውና። በዚህ ላይ ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደ 2600 ያሉትን አሮጌ ፕሮሰሰሮች በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባቸውም።

እኔ የመረጥሁት ኤኤምዲ የሚሠራውን ራይዘን 5 5600 ነው። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የወጣ ሲሆን 6 ኮር፣ 12 የሥራ መስመርና 32 ሜጋባይት ሦስተኛ ደረጃ ካሽ አለው። ካሽ ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ግን እጅግ ፈጣን ማስቀመጫ ነው። የእርሱ ታናሽ ወንድም 5500 በስሙ የተቀራረበ በዋጋውም ረከስ ያለ ሲሆን፣ ካሹ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ካሽ ይወዳል። በሁለቱ መካከል ሌላም ልዩነት አለ፤ እርሱን ከካርዱ ጋር አያይዤ እናገራለሁ።

በግራፊክስ ካርድ ምርጫ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ጂቢ ነው?» ብለን ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ግን ለብቻው አይበቃም። የጨዋታው ግድግዳ፣ ሣርና ልብስ ቀለም ሁሉ በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ሜሞሪው ሲሞላ ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒዩተሩ ራም በማዘርቦርዱ መንገድ ማምጣት ግዴታ ይሆንበታል፤ በዚህን ጊዜ ሥዕሉ መንቀርፈፍ ይጀምራል። አሁን ይህን መንገድ እንለካው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው መንገድ በሦስተኛው ትውልድ በአንድ መስመር በሴኮንድ 1 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ በአራተኛው ትውልድ 2 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ሲሆን የሚጠቀመው 4 መስመር ብቻ ነው። በአራተኛው ትውልድ መንገድ ላይ ሲቀመጥ 8 ጊጋባይት ያህል በሴኮንድ ያገኛል። ራይዘን 5 5500 ግን ሦስተኛውን ትውልድ ብቻ ስለሚያውቅ (ይህ ነው ቀደም ብዬ ያቆየሁት ልዩነት) መንገዱ ወደ 4 ጊጋባይት ይጠብባል። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ በሴኮንድ 144 ጊጋባይት የሚያሳልፍ መሆኑን ስናስብ፣ ከወንዝ ወደ ቧንቧ እንደ መውረድ ነው።

ይህን ምሳሌ በማስፋፋት የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሹ 5500፣ ርካሹ 6500 ኤክስቲና ርካሽ ማዘርቦርድ በዋጋ ሲታዩ እኩያሞች ናቸው፤ ሦስቱን አንድ ላይ የሚገዛ ሰው ሚዛን የጠበቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የአንዱ ድካም የሌላውን ድካም ያባብሰዋል። ስለሆነም ሚዛን ማለት የዋጋ መመሳሰል ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

እኔ በዚህ ፈንታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣውን አርኤክስ 6600 ገዛሁ። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ነው፤ 8 መስመር ይጠቀማል፤ የሚፈጀው ኃይል 132 ዋት ነው። ከዚህ የበረታ ካርድ ሞልቷል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ለብቻው እስከ 450 ዋት ይፈጃል። ነገር ግን ያ ካርድ የአባቴን አሮጌ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ቢያገኝ ከበሬ ይልቅ በዝሆን እንደ ማረስ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል ከዚህ በታች መውረዱም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል የተባለው ጨዋታ በትንሹ የሚጠይቀው 6600ንና መሰሎቹን፣ 8 ጊጋባይት ካለው ሜሞሪ ጋር ነው። የብርሃን ጨረር አሰላል የማያውቁትን አሮጌ ካርዶች ጨርሶ አይቀበልም።

ያገለገለ ካርድ ለሚገዙ ጓደኞቼ አንድ ቃል ልጨምር። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 በካርድ መመረቱ ስለ ቀረ፣ ሌሊትና ቀን ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ሁሉም የተበላሹ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ማራገቢያቸው የደከመ፣ በመካከሉ ያለው የሙቀት ቅባት የደረቀ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህም መካከል አርኤክስ 580 የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። ዋናው 2,304 የሥራ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሌላው በዚሁ ስም 2,048 ብቻ ያለው ነው። ሣጥኑን ብቻ አይቶ መለየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ካርዱ በኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቁጥሩ ሳይታይ ብር መክፈል አይገባም።

ራምን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። 16 ጊጋባይት ለዛሬ ጨዋታዎች ያስፈልጋል፤ ሲገዛም አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 መሆን አለበት። ዲዲአር4 3200 የሚባለው ራም በአንድ መንገድ በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለት ሲሆኑና በትክክለኛው ቀዳዳ ሲሰኩ 51.2 ይሆናል። አንዱን ብቻ የሰካ ሰው ለፕሮሰሰሩ ሰፊ ጠረጴዛ ሰጥቶ አንድ እጁን እንዳሰረበት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ስለ ናረ፣ «ሌላውን በኋላ እጨምራለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ በበኩሌ እርሱን ከማድረግ የኬዙን ጌጥ መተው ይሻላል እላለሁ።

ማዘርቦርድ ሲመረጥ ከፕሮሰሰሩ መሰኪያ ጋር መስማማቱ የመጀመሪያው ነገር ነው። የእኔ ፕሮሰሰር ኤኤም4 በተባለው መሰኪያ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ቢ550 የሚባለውን ቦርድ የወሰድሁት አራተኛውን ትውልድ መንገድ ስለሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው ኤኤም5 ግን ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል ቦርዱም ራሙም ይወደዳል፤ በምትኩ ወደ ፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሮ ለመሻሻል በሩን ይከፍታል። አቅም ላለው ሰው ኤኤም5ን እመክራለሁ። አቅሙ ለተወሰነ ተማሪ ግን የዛሬው ካርዱ እንዳይራብ ኤኤም4ን መያዝ ይሻላል። ኤስኤስዲ ደግሞ ጨዋታው ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል እንጂ በሴኮንድ የሚታየውን ሥዕል እምብዛም አይጨምርም። በሳታ ገመድ የሚሠራው በሴኮንድ 550 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ ከቦርዱ ጋር የሚጣበቀው ኤንቪኤምኢ ብዙ ሺህ ያነባል፤ ሆኖም በጨዋታ ላይ ልዩነቱ ቁጥሩ እንደሚያስመስለው ሰፊ አይደለም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ማናቸውም ኤስኤስዲ መሻገር ግን ትልቅ እርምጃ ነው።

አሁን ወላጆችን ይበልጥ ወደሚመለከተው ወደ ፓወር ሰፕላይ ልምጣ። ይህ ክፍል ሥዕል አይሥልም፤ ፍጥነት አይጨምርም፤ አይታይም። ስለዚህም ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእርሱ ላይ ነው። ነገር ግን ሌላው ክፍል ሲበላሽ ብቻውን ይበላሻል፤ እርሱ ሲበላሽ ግን ማዘርቦርዱንና ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በተለይ መብራት በድንገት እየጠፋ በሚመጣበት፣ ኃይሉም ከፍና ዝቅ በሚልበት አካባቢ ይህን ማሰብ ግድ ነው።

የሚያስፈልገኝን ኃይል እንዲህ አሰላሁ። ካርዱ 132 ዋት ይፈጃል፤ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ተብሎ ቢመዘገብም በሥራ ጊዜ ከዚያ ስለሚያልፍ 90 ያዝሁለት፤ ለቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለኤስኤስዲውና ለማራገቢያዎቹ 58 ጨመርሁ፤ ድምሩ 280 ዋት ሆነ። የገዛሁት ግን 550 ዋቱን ነው። ምክንያቱም ካርዱ ለቅጽበት ከተመዘገበለት በላይ ይስባል፤ ዕቃው በግማሽ ጭነት ሲሠራ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ፊትም ካርዱን ብቀይር አላፍርም። ብሮንዝ የሚል ምልክት ያለው ፓወር ሰፕላይ በግማሽ ጭነት ቢያንስ 85 ከመቶ የሆነውን ኃይል ለሥራ ያውላል። ሆኖም ይህ ምልክት ስለ ቁጠባ እንጂ ስለ መከላከያው ጥራት አይናገርም። 280ን ለ0.85 ብናካፍል ከግድግዳው የሚሳበው 330 ዋት ያህል ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ኃይሉን ቢሠራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። እናቴ «መብራቱን ሁሉ ልትጨርስብን ነው» ስትለኝ፣ የእንጀራ ምጣዳችን ከ3 ኪሎዋት በላይ እንደሚስብ አስረድቻት ነበር። እርስዋም «ምጣዱ እኮ ያበላል» ብላ መለሰችልኝ።

የርካሽ ፓወር ሰፕላይ ማታለያ በጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በትልቁ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎ፣ ከታች በ12 ቮልት ረድፍ ውስጥ 18 አምፔር ብቻ ሊል ይችላል። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከዚህ ረድፍ ነው፤ 18 በ12 ሲባዛ ደግሞ 216 ዋት ነው። ደኅናው የ550 ዋት ዕቃ በዚሁ ረድፍ 45 አምፔር አካባቢ ይኖረዋል። ሌላው አደጋ ከአሜሪካ በሚመጣ ዕቃ ላይ ያለው ነው። አጎቴ ከዋሽንግተን ሲመጡ በሻንጣቸው አንድ ዕቃ ብቻ ሊያመጡልኝ ፈቀዱና ካርዱን አዘዝሁ፤ ትንሽና ውድ ስለ ሆነ፣ የቮልት ችግርም ስለሌለበት። ፓወር ሰፕላይ የሚያስመጣ ሰው ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ያንብብ። በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ የሰካው ሰው ወዲያው ጢስ ያያል።

ከሥራ ቤት የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝተው ካርድ ለመጨመር የሚያስቡም አሉ። መንገዱ መጥፎ አይደለም፤ ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ የገመዱም ጫፍ ከተለመደው የተለየ ሊሆን ይችላል። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ብቻውን ከ75 ዋት በላይ ስለማይሰጥ፣ ተጨማሪ ገመድ የማያስፈልገውን የጂቲኤክስ 1650 ዓይነት መፈለግ ያሻል፤ ሣጥኑ ቀጭን ከሆነም ካርዱ አጭር ቁመት ያለው መሆን አለበት።

ስለ ኬዝ ደግሞ የምለው ፊቱ መስተዋት ሳይሆን ወንፊት ይሁን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል ማለት ነው። ደግነቱ የከተማችን አየር ቀዝቀዝ ያለ ስለ ሆነ ጉድለቱን በከፊል ይተካዋል። አቧራው ግን ምንም የሚተካ ነገር የለውም፤ በየሁለት ወሩ መጥረግ ነው።

ብሩን እንዴት እንዳከፋፈልሁት ለሚጠይቁኝ፣ ብር ከመጥራት ይልቅ ከመቶው ብናገር ይሻላል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ እጅግ ስለ ተለወጠ፣ የዛሬ ዋጋ መጽሔቱ ታትሞ እስኪወጣ ላይቆይ ይችላልና። ስክሪኑ ቀድሞ ስለ ነበረ አልቆጠርሁትም። ከየመቶው ብር 38ቱ ለካርዱ፣ 17ቱ ለፕሮሰሰሩ፣ 13ቱ ለማዘርቦርዱ፣ 10ሩ ለፓወር ሰፕላዩ፣ 9ኙ ለራሙ፣ 8ቱ ለኤስኤስዲው ሲውል፣ ለኬዙ 5 ብቻ ተረፈ። ራሙን የገዛሁት ዋጋው ከመናሩ በፊት ነበር፤ ዛሬ የሚገዛ ሰው ለእርሱ ከፍ ያለ ድርሻ መያዝ ይኖርበታል፤ ያንንም ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ከካርዱ ወይም ከቦርዱ ላይ ይቀንስ። አባቴ ወረቀቱን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የማይታየው ዕቃ ከሣጥኑ እጥፍ የሆነው ለምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱን ሰምቶ ሲያበቃ መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራ ለመዝጋት የሚበቃ ትንሽ ዩፒኤስ በራሱ ፈቃድ ጨመረልኝ።

ኮምፒዩተሩ ተገጣጥሞ ከበራ በኋላ የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። 3200 ተብሎ የተገዛው ራም ሲሰካ ብዙውን ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ፍጥነት ይጀምራል፤ በባዮስ ገጽ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚለውን እስኪያበሩለት ድረስም እንዲሁ ይቆያል። እንዲሁም ባለ 144 ስክሪን የገዛ ሰው በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ቁጥሩን ካልመረጠ በ60 ሲሠራ ሊከርም ይችላል። ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ አንድ ከባድ ጨዋታ ከፍቶ፣ የኬዙን ሽፋን እንደ ተዘጋ ትቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ማስኬድና የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት በየአሥር ደቂቃው በወረቀት መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህም መደረግ ያለበት ሱቁ ዕቃውን መልሶ ለመቀበል የሰጠው ቀን ሳያልፍ ነው።